ልጆቹ «ሚስ» ይሉኝ ነበር

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ መምህራን ኮሌጅ ስገባ የመረጥኩት ሒሳብ ነበር። ስሜን ያገኘሁት ግን በቅድመ መደበኛ ትምህርት ዝርዝር ውስጥ፣ ከላይም ከታችም በሴቶች ስም ተከብቦ ነው። የተሳሳቱ መስሎኝ ሬጅስትራር ሄድኩ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አየችና «ወንድ አይገባም የሚል የለም» ብላ መለሰችልኝ። ዓመቱ 2006 ዓ.ም. ነው። ክፍላችን 42 ተማሪ ነበረው፤ ወንዶቹ 3 ነን። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ትምህርት ክፍል ቀየረ፣ ሌላው ዓመቱ ሳያልቅ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ብሎ ሄደ። እኔ መሄጃ ስላልነበረኝ ቀረሁ። ለሙያው ፍቅር ኖሮኝ ነው ብል ውሸት ነው።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ «ኦ ክፍል» የሚባለው፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ክፍል እየተስፋፋ ሄደ። ክፍል ሲከፈት መምህር ይፈለጋል። ይህን ለአባቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ ማባበል ልትማር ነው?» አለኝ።

መልሱ የመጣልኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እሱንም እኔንም ፊደል ያስቆጠሩን የኔታ ወንድ ነበሩ። ከሀ ሁ እስከ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ እስከ ዳዊት፣ በአገራችን የአምስት ዓመት ልጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ ሲያስተምር የኖረው ወንድ ነው። መዋዕለ ሕፃናትን በ1837 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሮበልም ወንድ ነው። ታዲያ አባቴን ያሳፈረው ምኑ ነው? ማስተማሩ አይመስለኝም። የኔታ አለንጋ ይዘው ነው የተቀመጡት፤ ንፍጥ ሲጠርጉ ወይም የጫማ ማሰሪያ ሲያስሩ አላየናቸውም። ልጅን የሚያስፈራ ወንድ ለምደናል። ልጅን የሚያጥብ ወንድ ግን ያስቀናል ወይስ ያሳፍራል፣ ገና አልወሰንንም።

ኮሌጅ ውስጥ ይገለሉኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። የሆነው ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያው ቀን የክፍል አለቃ ምረጡ ሲባል፣ ስሜን እንኳን የማያውቁ ልጆች እጃቸውን ለእኔ አወጡ። በቡድን ሥራ አቅራቢው እኔ ነኝ። መምህራኑም ጥያቄ ሲጠይቁ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ሞጁሉ ከዳር እስከ ዳር «መምህርቷ ሕፃናቱን ትቀበላለች፣ መምህርቷ ትዘምራለች» እያለ ሲቀጥል፣ አንዱ መምህራችን እዚያ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው «መምህሩም» ይሉና ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን የቡድን ሥራ አቅርቤ ተጨብጭቦልኝ ስወጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የክፍላችን ልጅ ደጅ ላይ አስቆመችኝ። ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ሁለት ዓመት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና ሠርታለች። «ወንድሜ፣ አንተ ቆመህ ያነበብከውን እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጭብጨባው ለማን ነበር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ቀን በፊት የቡድኑን ጽሑፍ ማን እንደሚጽፈው ጠይቄ እንኳን አላውቅም።

በሁለተኛው መንፈቅ አለቅነቱን ተውኩ። ከፊት ወንበር ተነሥቼ እሷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሙያውን የተማርኩት ከዚያ ወዲያ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ለምሳሌ የመማሪያ መሣሪያ ዝግጅት የሚባል ትምህርት አለ። ካርቶን፣ ቆርኪና የጨርቅ ቁራጭ ይዘን እንቀመጣለን። ሌሎቹ አሻንጉሊት ሰፍተው ፀጉር ሲሠሩላት እኔ ክሩን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጅቻለሁ። የእኔ አሻንጉሊት አንድ ዓይኗ ግንባሯ ላይ ወጣ። ይህችው ልጅ ክሩን በምራቅ አርጥቦ ጫፉን ማሾል እንደሚቻል አሳየችኝ። ፊደል ማስተማሩንም ያሳየችኝ እሷ ናት። እኔ 231ዱን ፊደል በአንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ጽፌ፣ እንደ የኔታ በእንጨት እየጠቆምኩ ላስነብብ ነበር ያሰብኩት። እሷ ነ ን ብቻ በካርቶን ቆርጣ አወጣች፤ ከዚያ ትንሽ ቁራጭ አናቷ ላይ አስቀምጣ «ቆብ ስትደፋስ?» አለች። ኘ ሆነች። ተ ቸ ትሆናለች፣ ደ ደግሞ ጀ። ልጁ ቆቡን በገዛ እጁ ሲያደርግና ሲያወልቅ ልዩነቱን በጣቱ ያውቀዋል። ይህ ሞጁሉ ውስጥ አልነበረም።

ድምፄ ወፍራም ነው። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት ክፍል በመጀመሪያው ጠዋት «እንደምን አደራችሁ ልጆች!» ስል ከፊት የነበሩ ሁለት ልጆች አለቀሱ። ሌሎቹ መምህራት ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ ነው ክፍሉን ዝም የሚያሰኙት፤ እኔ ያንን ብሞክር ሰፈሩን አስደነግጣለሁ። ማንሾካሾክ ጀመርኩ። ሕፃን ጩኸትን ይለምዳል፤ ሹክሹክታ ሲሰማ ግን ምን እንዳመለጠው ለማወቅ ጆሮውን ያቆማል። ቁመቴም እንዲሁ ችግር ነበር። የልጆቹ ወንበር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬ አጠገብ ይደርሳል፤ ወገቤን ያመኝ ነበር። በመጨረሻ ወንበሩን ትቼ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪ የምገዛው ዛሬም ጉልበቱን እያየሁ ነው።

ልጆቹ «ሚስ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ርዕሰ መምህሯ ሰምተው ደነገጡና «ሚስ የሚባለው ለሴት ነው፤ እሱን ጋሼ በሉት» ብለው ክፍሉን በሙሉ አስደገሙ። ለልጆቹ ግን «ሚስ» ጫማ የሚያስርና ተረት የሚያወራ ሰው ስም ነው፤ ከሴትነትና ከወንድነት ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ሁለቱንም አጣምሮ «ጋሼ ሚስ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ይህን የሚያክል ማዕረግ ግን አላገኘሁም።

ተመርቄ በተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት ከመምህራኑ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠረጴዛ ሲነሣ፣ ድንኳን ሲተከል፣ አምፖል ሲቃጠል እጠራለሁ፤ ይህን አልጠላሁትም። የከበደኝ ሌላው ነው። ከአጠገቤ ክፍል የነበሩት መምህርት ልጆች ሲረብሹ «ዝም ካላላችሁ ጋሼን እጠራለሁ» ይሉ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ በመተላለፊያው ሳልፍ የእሳቸው ልጆች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። የኔታን መሆን አልፈልግም ብዬ መጥቼ የኔታን አድርገውኛል፤ ያውም ፊደል የማላስቆጥር የኔታ። በሻይ ሰዓት «እትዬ፣ ጠረጴዛውን እሸከማለሁ፤ አያ ጅቦ ግን አልሆንም» አልኳቸው። ሳቁ። ቅር አላላቸውም፤ እኔን ያከበሩ መስሏቸው ኖሯል። በየሳምንቱ ዓርብ ክፍላቸው ገብቼ ተረት እንዳወራ ተስማማን። ልጆቹ ከግድግዳው እስኪላቀቁ እስከ ገና ቆየን።

አሁን በጣም የሚከብደውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፣ እኔን አዩ፣ በሩ ላይ ቆሙ። «ሴት መምህርት የለችም?» አሉ። ቀጥለውም «መምህር፣ እርስዎን ንቄ አይደለም» አሉ። ፊቴ ጋለ። ሦስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጥያቄ የተሰረዘ መሰለኝ። ማታ ግን የእህቴ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ እሷን አስገቢ ብሆን እኔም ይህንኑ ሳልጠይቅ አልቀርም።

በማግስቱ ጠዋት ለእናትየዋ ሥራዬን እንዴት እንደምሠራ ነገርኳቸው። መጸዳጃ ቤት የምትወስዳቸው ሞግዚቷ ናት፤ ልብስም እሷ ትቀይራለች። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻዬን አልቀርም። የክፍሉ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ በፈለጉት ሰዓት መጥተው ያያሉ። ከእነዚህ አንዱንም ትምህርት ቤቱ አላዘዘኝም፤ የጽሑፍ ደንብም አልነበረም። በዚህ ሙያ የሚገባ ወንድ ካለ፣ አለቃ እስኪነግረው አይጠብቅ እለዋለሁ። በሩ ክፍት መሆኑ ልጆቹን ይጠብቃል፤ እኔንም ከሐሜት ጠብቆኛል።

እናትየዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጃቸውን ካደረሱ በኋላ በመስኮቱ ቆመው ሲያዩ ነበር። እኔም ምንጣፉ ላይ ሆኜ እጄን አነሣላቸዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መቆማቸውን ተዉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ቢሮ አገኘኋቸው። ስለ ሴት መምህርት የሚጠይቁ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። የጠየቁኝ ምሳ ዕቃው ላይ ስም መጻፍ ያስፈልግ እንደሆነ ብቻ ነው።