ከትራስ ላይ የሚታይ ሥዕል፦ የአንድ የሆስፒታል ትእዛዝ የሥራ ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ለአዋቂ ታካሚዎች መኝታ ክፍል የሚታዘዙ ሦስት የሥዕል ፓነሎች (ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች) ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጨረሻው ብሎን የሚያልፉበትን መንገድ በየሳምንቱ ይዟል። እያንዳንዱ ፓነል 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀለሙ አክሪሊክ፣ መደቡ የ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ኮምፖዚት (በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል ሌላ ንብርብር ያለው ሰሌዳ)። ጠቅላላው ጊዜ 12 ሳምንት ሲሆን ብሩሽ የሚያዘው በ4ቱ ብቻ ነው። ቀሪው በመለካት፣ በማስፈቀድና ቀለሙ እስኪጠነክር በመጠበቅ ያልቃል። ይህን ሳይቆጥር ዋጋ የሰጠ ሠዓሊ ከኪሱ ይከፍላል።

ሥራውን ከሌላ ትእዛዝ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ኤግዚቢሽን ላይ ሥዕሉ ያልጣመው ተመልካች ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። የተኛ ሰው ግን መሄጃ የለውም፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ትኩሳት ሲያንገላታው፣ መነጽሩን አውልቆም ያንኑ ግድግዳ ያያል። ከዚህ በታች ያለው ውሳኔ ሁሉ፣ የቀለሙም የቫርኒሹም (ቀለሙን የሚሸፍነው የመጨረሻ ቅብ)፣ የሚነሳው ከዚህ ነው።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ ልኬት

የሚለካው ከግድግዳው ሳይሆን ከትራሱ ነው። ባዶ አልጋ አስፈቅዶ፣ ራስጌውን 30 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጎ፣ ተኝቶ ማየት ግድ ይላል። ቆሞ የለካ ሰው ሥዕሉን ዝቅ አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ የአልጋው ግርጌና በብርድ ልብስ የተሸፈነ እግር የታችኛውን ሩብ ይጋርዱታል። የታካሚው ዓይን ከወለል 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ቢልና ግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ፣ የፓነሉ የታች ጠርዝ 120፣ መሀሉ 160 ላይ ሲውል ያለ እንቅፋት ይታያል። በዚያ ርቀት 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት 23 ዲግሪ ያህል የእይታ መስክ ይይዛል፤ አንገት ሳይዞር በዓይን ብቻ የሚዳሰስ መጠን ነው።

የዝርዝሩም ልክ ከዚሁ ይወጣል። ጤናማ ዓይን በ3 ሜትር የሚለየው ትንሹ ነገር 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የዓይኑ ጥራት ወደ ሲሶ ለወረደ ሰው 2.7 ይሆናል። ስለዚህ ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ለራስ ደስታ ካልሆነ በቀር አይሠራም። በስስ ብሩሽ የሣር ቅጠል አንድ በአንድ መቁጠር እዚህ የባከነ ሳምንት ነው።

ለነጸብራቅ ቀላል ፈተና አለ። አነስተኛ መስታወት ሥዕሉ በሚውልበት ቦታ ግድግዳው ላይ ጠፍጥፎ ይያዛል፣ ሌላው ሰው ከትራሱ ላይ ያያል። መስታወቱ ውስጥ መስኮቱ ወይም የጣሪያው መብራት ከታየ፣ አንጸባራቂ ቫርኒሽ የተቀባ ሥዕልም በዚያ ሰዓት ነጭ ጭረት ብቻ ነው። ፈተናው በጠዋት፣ በቀትርና መብራት ሲበራ ሦስት ጊዜ ይደገም። መስታወቱን በየቦታው እያንቀሳቀሱ ማየትም ይቻላል፤ አንዳንዴ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን መሸሽ ይበቃል።

ከአራት ሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፦ ከክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ከኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው፣ ከሕንፃ ጥገናው፣ እና ከጽዳት ሠራተኛዋ። ብዙ ሰው የሚረሳት አራተኛዋን ነው። ግድግዳው በምን እንደሚወለወል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ጨርቁ ምን ያህል እንደሚጨመቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሥዕሉ የሚኖረውም የሚሞተውም በእጇ ነው።

3ኛ ሳምንት፦ ምን ይሣል?

ሁሌ የሚጠቀሰው ማስረጃ ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ያሳተመው ጥናት ነው። በአንድ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ፤ ግማሾቹ ከመስኮታቸው ዛፍ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ ያዩ ነበር። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም በጥቂቱ ወሰዱ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ጥናቱ ስለ መስኮት እንጂ ስለ ሥዕል አይደለም። ለሠዓሊ የሚቀርበው ያው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በስዊድን ኡፕሳላ የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የሠራው ነው። ውኃና ዛፍ ያለበት ገጽታ ጭንቀት ሲቀንስ፣ ቀጥ ባሉ ማዕዘናት የተሞላ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ምንም ካለመስቀል የባሰ ሆኖ ተገኘ። ረቂቅ ሥዕል ክፉ ነው ማለት አይደለም። ሥዕሉ ትርጉሙን ለተመልካቹ ሲተውለት፣ የፈራ ሰው የሚሞላው በፍርሃቱ ነው።

የሚሠራው ሰፊ ገጽታ ነው፦ ፊት ለፊቱ ክፍት ሜዳ፣ መሀሉ ላይ ጥላቸው የሰፋ ዛፎች፣ ጸጥ ያለ ውኃ፣ ወደ ውስጥ የሚወስድ መንገድ፣ ከፍ ያለ ብርሃን። አድማሱ ፍጹም አግድም ይሁን። በመድኃኒት የዞረበት ሰው 2 ዲግሪ ያዘመመ አድማስ ሲያይ አልጋው አብሮት ያዘመመ ሊመስለው ይችላል። መንገዱ ጨለማ ጫካ ውስጥ ገብቶ አይጥፋ፤ መታጠፊያው ወዲያ ብርሃን ይኑር።

የማይሠራው ዝርዝር ይረዝማል። ደረቅ ዛፍ፣ ጥቁር ደመና፣ የሚናወጥ ባሕር፣ ብቻውን የቀረ ወንበር፣ አዳኝ ወፍ። ቀይ ነጠብጣብ ወይም ሲፈስ የሚመስል ቀይ። ኬሞቴራፒ በሚሰጥበት ክፍል ምግብና ጥቅጥቅ ያለ ተደጋጋሚ ጥለት፤ ሁለቱም ማቅለሽለሽ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው በሚተኙበት ክፍል ወለል አካባቢ የሚውል ጥቁር ቅርጽ፤ ጉድጓድ መስሏቸው ይሸሹታል። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው፦ ሰፊ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ገጽ የሚያንጸባርቀው ብርሃን የሕፃኑን ቆዳ ቀለም ያዛባና ነርሷ ቢጫነትን ወይም የኦክስጅን እጥረትን ለይታ እንዳታይ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሠዓሊው ያልሣለው ፊት ነው። የዛፍ ልጥ፣ የድንጋይ ስንጥቅ፣ የቅጠል ክምር ሁለት ጥቁር ነጥብና አንድ ጭረት ሲገጣጠሙለት ፊት ይሆናል፤ አእምሮው የተደናገረ ታካሚ ደግሞ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ንድፉ ተገልብጦ፣ በመስታወት ዞሮ፣ ዓይን በከፊል ተጨፍኖ እንደገና ይታይ። ሥራውን አይተው ለማያውቁ ሦስት ሰዎች በደብዛዛ ብርሃን አሳይቶ «ፊት ፈልጉ» ማለት ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ ነው። «ምን ታያላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰው ለትሕትና ሲል «ዛፍ» ይላል።

ለማስጸደቅ ሦስት የእርሳስ ንድፍና በተመረጠው ላይ አንድ የቀለም ጥናት (30 በ20 ሴንቲ ሜትር) ይቀርባል። ውሉ ላይ የማሻሻያው ዙር ከሁለት እንዳይበልጥና አስተያየቱ በአንድ ሰው በኩል እንዲመጣ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ኮሚቴው ወፍ ሲጨምር ሥዕሉ የወፍ ቤት ይሆናል። ክፍሉ ሲታደስ ፓነሎቹ የት እንደሚሄዱና የማባዛት መብቱ የማን እንደሆነም እዚያው ይግባ።

4ኛ ሳምንት፦ መደቡ

ሸራ ለታካሚ ክፍል አይመከርም፤ ድርና ማጉ አቧራና እርጥበት ይይዛል፣ በፀረ ጀርም ፈሳሽ ሊወለወልም አይችልም። አሉሚኒየም ኮምፖዚት አይጣመምም፣ ውኃ አይጠጣም፣ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካሬ ሜትሩ 3.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንዱ ፓነል 0.96 ካሬ ሜትር ስለሆነ ክብደቱ 3.7 ኪሎ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢሸፈን 9.6 ኪሎ ይጨመርበት ነበር፤ ሲሰበር የሚሆነው ሳይቆጠር። ሲገዛ የውስጡ ንብርብር ይጠየቅ፦ ተራው ፖሊኤቲሊን (ፕላስቲክ) ይነዳል፣ በማዕድን የተሞላው እሳትን ይቋቋማል። ለኮሪደርና ለመውጫ መንገድ ሁለተኛው ብቻ ይገዛ፤ የእሳት ደህንነት ኃላፊው የምርቱን ሰርተፊኬት ማየቱ አይቀርም።

አክሪሊክ በፋብሪካ ቅብ ላይ በቀጥታ አይይዝም። መከላከያ ፕላስቲኩ ይነሳ፣ ገጹ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ድምቀቱ እስኪጠፋ ይታሽ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጸዳ፤ ከዚያ ለማይመጥ ገጽ የተሠራ አጣባቂ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) በአጭር ጠጉር ሮለር ሁለት ጊዜ ይቀባ። ለሦስቱ ፓነሎች ሁለት እጅ 5.8 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሊትር በ10 ካሬ ሜትር ሲሰላ 0.6 ሊትር ስለሚሆን የ1 ሊትር ጣሳ ይበቃል። በጣት ከነኩት በኋላ የቀረ ቅባት ከወራት በኋላ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይላጣል፤ ስለዚህ ከጸዳ ወዲያ ጓንት።

ከሳምንት በኋላ በትርፍ ቁራጭ ላይ በምላጭ የ2 ሚሊ ሜትር መረብ ይቆረጥ፣ ጠንካራ ቴፕ ተለጥፎ ባንዴ ይነቀል። ከመረቡ ካሬዎች የተነሳ ካለ ፕራይመሩ አልያዘም። ሥዕሉ ሳይጀመር ማወቁ ይሻላል።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ቅቡ

ቀለሙ የሚደባለቀው ክፍሉ በሚጠቀምበት መብራት ሥር ነው። የክፍሉ መብራት ቀለም 4000 ኬልቪን ከሆነ አምፖሉ ተገዝቶ ስቱዲዮ ውስጥ ይሰቀል። በመስኮት ብርሃን ያማረ አረንጓዴ እዚያ ሲሄድ የታመመ ግራጫ ሊሆን ይችላል። ነጩ ቲታኒየም፣ አረንጓዴው ፍታሎ ከቢጫ ኦከር ጋር፤ ቀዩ አሊዛሪን ክሪምሰን በብርሃን ስለሚደበዝዝ በኩዊናክሪዶን ይተካ። ፍሎረሰንት ቀለም አይግባ።

የሌሊቱ ፈተና እዚህ ይገባል። ብርሃን ሲመነምን ዓይን ለቀይ ይታወራል፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ይነቃል፤ ፑርኪንየ የተባለው የቼክ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነው። በቀን ደስ የሚል ቀይ አበባ በሌሊት መብራት ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል። በየሳምንቱ መጨረሻ ክፍሉ ይጨልም፣ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ደብዛዛ መብራት በርቶ ሥዕሉ ከ3 ሜትር ይታይ። ጥቁር የሆነው ቀይ ወደ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከነጭ ጋር ይሳብ።

ንብርብሩ ስስ ይሁን። በስፓቱላ የተቆለለ ቀለም ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ 1 ሚሊ ሜትር ጣሪያው ነው። ሸካራነት ከተፈለገ በብርሃንና ጥላ ይሣል እንጂ በውፍረት አይሠራ።

9ኛ ሳምንት፦ መሸፈኛው

አክሪሊክ ሲነካ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። ቸኩሎ የተሸፈነ ቀለም ውኃውን አፍኖ ወተት የመሰለ ጭጋግ ያወጣል። መጀመሪያ ለስላሳ አንጸባራቂ ጄል 2 እጅ፣ ውኃ 1 እጅ ተደርጎ ቀለሙን ከመሸፈኛው እንደሚለይ ንብርብር ይቀባል። በላዩ ሁለት አካል ያለው (ሲቀባ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል) ውኃ ወለድ ፖሊዩሬታን፣ ከፊል ደብዛዛ፣ በስስ ሮለር ሦስት እጅ። ተራ አክሪሊክ ቫርኒሽ እዚህ አይሆንም፤ 70 በመቶ አልኮል ያሟሟዋል። ማጠንከሪያው አይሶሲያኔት የተባለ ለመተንፈሻ አካል አደገኛ ኬሚካል አለበት፤ ጓንት፣ አየር የሚተላለፍበት ቦታና ተገቢ ጭንብል የግድ ነው፣ በመርጫ ከተረጨ ደግሞ አደጋው በብዙ ይጨምራል። አምራቹ ከጻፈው ሰዓት በላይ የቆየ ቅልቅል ፈሳሽ ቢመስልም ይደፋ።

10ኛና 11ኛ ሳምንት፦ መጠበቅና መፈተን

ፓነሎቹ ሽታቸው እስኪጠፋ አየር በሚገባበት ቦታ ይቆማሉ። በዚህ መሀል አብሮ የተቀባው ቁራጭ ይሰቃይ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በ980 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲበረዝ 0.1 በመቶ ይሆናል። በዚህ የራሰ ነጭ ጨርቅ 10 ደቂቃ ይረፍበት፣ ከዚያ 200 ጊዜ ይታሽ፤ በሌላ ጥግ በ70 በመቶ አልኮል ይደገም። ሁለቱ ፈሳሾች በፍጹም አይቀላቀሉ። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ወይም ገጹ ከተጣበቀ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማጠንከሪያው መጠን በዓይን መገመቱ ነው። ሚዛን ይገዛ።

12ኛ ሳምንት፦ ስቅላ

የቁፋሮ አቧራ የሻጋታ ዘር ይዞ ይነሳል፤ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ታካሚ አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኑን የኢንፌክሽን መከላከሉ ይወስናል፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ ድሪሉ ሲበሳ ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) ማጣሪያ ያለው መምጠጫ ከቀዳዳው ሥር ይያዛል። ፓነሉ በአራት ነጥብ በሚቆለፍ ማንጠልጠያ ይታሰራል፤ በገመድ የተንጠለጠለ ሥዕል በተወለወለ ቁጥር ይዛነፋል። ከግድግዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይውጣ። በኮሪደር በኩል የሚሰቀል ካለ ተሽከርካሪ አልጋ ከሚጋጭበት ከፍታ በላይ ይሁን። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ደግሞ ገመድም ጣትም የሚይዝበት ክፍተት እንዳይቀር ዙሪያው በማይላጥ ማሸጊያ ይደፈናል፣ የላይኛው ጠርዝ ወደ ፊት ያዘነብላል። ውኃ ልኩ ከተነሳ በኋላም አንድ ሰው አልጋው ላይ ይተኛና ይመልከት።

ርክክቡ ላይ የሚሰጠው አንድ ገጽ ነው፦ በምን ይወለወል፣ በምን አይወለወል፣ ማንጠልጠያው በየትኛው ቁልፍ ይፈታል። ከእያንዳንዱ ፓነል ዋና ዋና አምስት ቀለሞች 30 ሚሊ ሊትር በታሸገ ዕቃ፣ ስማቸውና የተቀላቀሉበት መጠን ተጽፎባቸው፣ ጥገና ክፍሉ ይቀመጣሉ። በ30ኛው ቀንና በ6ኛው ወር ጠርዞቹ በእጅ ባትሪ ከጎን ይበራባቸው፤ መላጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከታችኛው ቀኝ ወይም ግራ ጥግ፣ ጨርቁ ከሚያርፍበት ነው።