መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ

ጉዴን ያመጣችው አንዲት የቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ ናት። ቀይ ናት፤ ላባ የደፋ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ራስ ተስሎባታል። የተቀመጠችው እኛ ቤት ጓዳ ሳይሆን፣ ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ባወጣው «ዘ ሻይኒንግ» በተባለው አስፈሪ ፊልም ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ጸሐፊ ሚስቱንና ልጁን ይዞ፣ በበረዶው ወራት የሚዘጋ ትልቅ ሆቴል ሊጠብቅ ይሄዳል። መንገዱ ይዘጋባቸዋል። ሰውዬው ያብዳል። መጥረቢያ ያነሳል። እኔ የገባኝ ይሄው ነው። አይቼ ጨርሼ ልተኛ ስል ዩቲዩብ አንድ ቪዲዮ ጣል አደረገልኝ። አንድ ሰውዬ ፊልሙን አቁሞ፣ ቆርቆሮዋን በቀይ አክብቦ፣ «ይህን አይታችኋል?» ይላል። አላየሁም። የዓለም ሕዝብ ሁሉ አይቶ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ።

ነገሩ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ቢል ብሌክሞር የሚባል የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በ1987 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፊልሙ ስለ አንድ እብድ ሳይሆን ስለ አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች እልቂት ነው ብሎ ተከራክሯል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ቦታው የእነሱ መቃብር እንደነበር ይናገራል እኮ። እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል። ጉዱ ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በ2012 ሮድኒ አሸር «ሩም 237» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ የተወሰኑትን በየተራ አስለፈለፋቸው። አንዱ ፊልሙ ስለ ናዚዎች ነው ይላል። አንዱ ኩብሪክ በ1969 የጨረቃውን ጉዞ ስቱዲዮ ውስጥ ቀርጾ ዓለምን ካታለለ በኋላ የገባው ንስሐ ነው ይላል። አንዷ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የበረዶ ሸርታቴ ተጫዋች አይታ፣ «ይሄማ የበሬ ራስ ያለው የግሪኮች ጭራቅ ነው» ትላለች። ፊልሙን ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም አስነስተው፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ያዩም አሉ። እኔም ሞከርኩት። ያተረፍኩት ራስ ምታት ነው።

ከዚያ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አገኘሁ። እዛ ቤት ሰላምታው «ነቃህ?» ነው። ስድቡ «አንተ ገና ነህ» ነው። «አጋጣሚ ነው» ያለ ሰው ወዲያው ይባረራል። ወንበር ከትዕይንት ትዕይንት ጠፋ? መልእክት ነው። (በእርግጥም ሰውዬው ሲጽፍ ከጀርባው የነበረ ወንበር ድንገት ይጠፋል፤ እዩት።) ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ያለው መስኮት፣ በሕንፃው አቀማመጥ ብትሄዱ ሊኖር የማይችል መስኮት ነው። የሆቴሉ ውስጥ የተቀረጸው እንግሊዝ አገር፣ ኤልስትሪ ስቱዲዮ ውስጥ መሆኑን አንድ የዋህ ልጅ ሲያስታውስ፣ «አንተ ገና ነህ» ተባለ። እኔም ብዬዋለሁ። ደስ ይላል ለካ ማለቱ።

ዋናው ትምህርት ግን ሂሳብ ነው። የተፈራው ክፍል ቁጥሩ 237 ነው። 2 በ3፣ እሱን በ7 አባዛው፤ 42። ልጁ የለበሰው ልብስ ላይ 42 ተጽፏል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ፊልም ርዕሱ ውስጥ 42 አለ። 42 ማለት 1942 ነው፤ 1942 ማለት ናዚዎች ናቸው። የጨረቃዎቹ ወገኖች ደግሞ በማባዛት አያምኑም። ለእነሱ 237 ማለት ጨረቃ ያለችበት 237 ሺህ ማይል ነው፤ ልጁ አፖሎ 11 የተጠለፈበት ሹራብ ለብሶ ይታያል አይደል? እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ። ፈተሽኩት። አማካይ ርቀቱ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማይል 239 ሺህ ይጠጋል። «ሁለት ሺህ ማይል ጎደለ» ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «ጨረቃ ትቀርባለች፣ ትርቃለች» የሚል መልስ መጣ። ይሄም እውነት ነው! ምን ይባላል እንግዲህ?

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የታወቀ ነው እኮ። እስጢፋን ኪንግ፣ ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፉ ላይ የጻፈው 217 ብሎ ነው። የሆቴሉ ውጪ የተቀረጸው ኦሪገን ውስጥ ባለ ቲምበርላይን ሎጅ ነው፤ ሎጁ ውስጥ እውነተኛ 217 ቁጥር ክፍል አለ። የሎጁ ሰዎች «ነገ ማን ይከራየዋል?» ብለው ስለሰጉ፣ የሌላቸውን ቁጥር 237ን አስደረጉ። አሁን ሎጁ እንደሚለው ከሁሉም በላይ በእንግዳ የሚጠየቀው ክፍል 217 ነው። ገበያ እንዲህ ነው።

የኩብሪክ የቅርብ ረዳት የነበረው ሊዮን ቪታሊ ደግሞ በ2013 ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ «ሩም 237»ን እየሳቀ እንዳየው ተናግሯል። የናዚዎቹ ወገን ሲያጦዙት የኖሩት የጀርመን ታይፕራይተር የራሱ የኩብሪክ ነበር። ይህን ግሩፑ ላይ ስለጥፍ፣ «ረዳቱ ሌላ ምን እንዲል ትጠብቃለህ?» አሉኝ። አሳማኝ ሆኖ አገኘሁት።

ደግሞ ሰዎቹን ሙሉ በሙሉ አትናቋቸው። የሚደበቅ ነገር አለ። «ቶይ ስቶሪ» ላይ የልጁ እናት መኪና ታርጋ A113 ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ አኒሜተሮቹ የተማሩበት ክፍል ቁጥር ነው፤ እየደጋገሙ በየፊልማቸው ይሸጉጡታል። ኩብሪክም ቢሆን በ1971 ፊልሙ ውስጥ፣ ሙዚቃ ቤቱ ላይ የራሱን የቀድሞ ፊልም ሸክላ አስቀምጧል። አንዴ እንዲህ ያለ እውነተኛ ነገር የቀመሰ ሰው አይመለስም።

እኔም አልተመለስኩም። «ጎድፋዘር» ላይ ብርቱካን በታየበት ሞት አይጠፋም የሚሉት አለ። የማፍያው አለቃ ዶን ቪቶ የተተኮሰበት ብርቱካን ሲገዛ ነው። የሞተውም የብርቱካን ልጣጭ አፉ ውስጥ አድርጎ የልጅ ልጁን ሲያጫውት ቆይቶ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች የጨለመውን ትዕይንት ፈካ እንዲያደርግ ነው የተጠቀምነው ብለዋል መባሉን ሰምቻለሁ። ይበሉ። እማዬ ልጣ ስታቀርብልኝ ግን እጄን ሰበሰብኩ።

«ምን ሆንክ?»

«አልፈልግም።»

«ጉንፋን አይደል እንዴ የያዘህ?»

«እማዬ፣ ዶን ቪቶ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የማን ልጅ ነው?» ብላ ራሷ በላችው። እስከ ዛሬ ደህና ናት።

የቤት ቁጥራችንንም አባዛሁት። መሀሉ ላይ ዜሮ አለበት። ውጤቱ ዜሮ ሆነ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ፊልም ዞርኩ። አንድ ጓደኛዬ ፊልም ላይ የዕቃ ዝግጅት ይሠራል። የሠራበት ፊልም ላይ ሳሎኑ ውስጥ ያለው የግድግዳ ሰዓት ጠዋትም ማታም፣ በሐዘኑም በደስታውም አራት ከአሥር ነው። ደወልኩለት።

«ጊዜ ቆሟል ለማለት ነው አይደል?»

«ባትሪ የለውም።»

«ደራሲው ግን…»

«ደራሲው ሎኬሽን መጥቶ አያውቅም። ቤቱ የኪራይ ነው። ሰዓቱ የአከራይዋ ነው። ሚስማር እንዳትነቅሉ ብላን ነው የተውነው።»

«ሚስማር?» አልኩት። ደብተሬ ላይ አሰፈርኳት። ስልኩን ዘጋብኝ።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ የፋሲካ ማግስት የእህቴ አማቶች ቤታችን የመጡት። ከመግባታችን በፊት ስለ ውስኪው ማወቅ አለባችሁ። እህቴ የተዳረችው ከዚሁ ግቢ፣ ዳስ ተጥሎ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ጠርሙስ ውስኪ ከቡፌው ላይ ጠፋ። አባዬ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰርግ በተነሳ ቁጥር፣ «ውስኪው እንኳ…» ይልና ያቋርጣል። «እኔ ስም አልጠራም» ይላል። ስም ባይጠራም ዓይኑ የሙሽራው አጎት ጋሼ በላይ ላይ ነው። ጋሼ በላይ ደግ ሰው ናቸው። ይሰማሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ዶሮ ወጡን ይበላሉ።

ምሳ ተበላ። ቡና ተፈላ። እማዬ «እስቲ የሰርጉን ቪዲዮ ክፈቱት» አለች። ፍላሹን ሰካሁ። ሪሞቱ እጄ ላይ ነው። ቪዲዮው የታወቀ ነው፤ እህቴ በተነፈሰች ቁጥር ልብ እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ ጽጌረዳ ይዘንባል። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ሦስቴ ይወርዳል፤ አንዱ በዝግታ ነው። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ያያል። እኔ ጀርባቸውን ነው የማየው።

የሙሽራው እናት፣ «ያ መጋረጃው ጋ የቆመው ልጅ ማነው?» አሉ።

ይሄን ጥያቄ ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አቆምኩት። «እትዬ፣ ይህን ይስሙኝ» ብዬ ጀመርኩ። በ1987 የወጣ አንድ የአሜሪካ ኮሜዲ አለ፤ ሦስት ወንዶች አንድ ሕፃን ሲያሳድጉ። ቪዲዮው በየቤቱ ሲገባ፣ መስኮቱ ጋ መጋረጃ ተከልሎ የቆመ ልጅ ታየ። እዚያ አፓርታማ ውስጥ የሞተ ልጅ መንፈስ ነው ተብሎ አሜሪካ ተናወጠ። ግን አፓርታማ የሚባል ነገርም አልነበረም፤ ስቱዲዮ ነው፣ ያውም ካናዳ፣ ቶሮንቶ። መንፈሱ ደግሞ ከተዋናዮቹ የአንዱ፣ የቴድ ዳንሰን፣ በካርቶን የተሠራ ምስል ነው። ቆሞ የተረሳ።

«ካርቶን?» አሉ እትዬ።

«ካርቶን።»

«ሰው መስሎ?»

«ቁርጥ ሰው።»

አባዬ፣ «እንዲህ ያለውን ታወራለህ እንጂ ሥራ ሂድ ሲሉህ…» ብሎ ጀመረ። እትዬ ያዩት ግን የካውያ ጠረጴዛችን ሆኖ ተገኘ፤ ነጠላ ተጥሎበት። ቪዲዮውን ለቀቅኩት።

ሚዜዎቹ በር ላይ ደረሱ። ሴቶቹ አናስገባም እያሉ ይዘፍናሉ። ካሜራማኑ ሳሎን ውስጥ ቆሞ በሩን ይቀርጻል። ከበሩ ጎን ያች የድሮ መስታወታችን አለች። መስታወቷ ውስጥ ኮሪደሩ ይታያል። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ነገር ውልብ አለ።

አቆምኩ። መለስኩ። ተነስቼ ቲቪው ጋ ተጠጋሁ። ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁና በሁለት ጣቴ አሰፋሁት።

«ውስኪው!» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ዓይኔ ከመስታወቷ አልተነቀለም።

«ሂድ በለው ቪዲዮውን» አለ አባዬ።

«አባዬ፣ አንዴ። ማስረጃ ላይ ነን። እዩ፣ ኮቱን ከፈት አድርጓል፤ በግራው አንድ፣ በቀኙ አንድ። ሰው ሁሉ በሩ ጋ እያለ መሆኑን ልብ በሉ። አስቦበታል።»

«ቀጥል ልጄ» አሉ ጋሼ በላይ። እንዲህ ሞቅ ያለ ድምፅ አውጥተው አያውቁም።

«የወንዱ ወገን እንዳንል፣ የወንዱ ወገን ገና ደጅ ነው። አሁን ነው የደረሱት። ጋሼ፣ እርስዎ ያውልዎት፣ ከሚዜዎቹ ኋላ ያጨበጭባሉ።»

«ያውልህ እኔ!» አሉ።

«ስለዚህ የቤት ሰው ነው። ኮሪደሩ ላይ መብራት አላበራም፣ ግን አልተደናቀፈም። ቤቱን ያውቀዋል። ወደ መኝታ ቤቱ ነው የሚሄደው። ግራጫ ሙሉ ልብስ። ደረቱ ላይ አበባ አለች፤ አበባ የሚደረገው ደግሞ ለ…»

«ተው አንተ ልጅ» አለች እህቴ፣ በቀስታ።

«…ከኋላ አናቱ ላይ ሳሳ ብሏል፤ ግራ ትከሻው ዘንበል…»

ዞርኩ። ሁሉም አባዬን ያያሉ። አባዬ ፈንዲሻ ይዟል። አያኝክም። ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል።

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሙሽራው ወለሉን ያጠናል። ጋሼ በላይ ግን ወንበራቸውን ወደ ቲቪው ሳቡና መነጽራቸውን አደረጉ። «መልሰው እስቲ» አሉኝ። መለስኩላቸው። «በዝግታ አይሆንም?» አሉ። ይሆናል። በዝግታ ሄደ። ልብና ጽጌረዳ እየወረደበት ሄደ።

አባዬ ፈንዲሻውን ዋጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱ እኔ አይደለሁም» አለ።

«ታዲያ ማነው ወንድሜ?» አሉ ጋሼ በላይ።

«ካርቶን ነው። አሁን አይደለም እንዴ ራሱ የነገረን?»

ጋሼ በላይ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ይሁን» አሉ፣ «ካርቶን ነው፤ አምኜአለሁ። እንግዲህ ካርቶኑ ውስኪውን የት እንዳስቀመጠው ይንገረን።»

አባዬ እኔን አየኝ። እኔ መስታወቷን አየሁ።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከወፍራሙ ብርድ ልብስ ሥር ነው» አለች እማዬ፣ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች። «አንደኛው እንኳ ተጀምሯል።»