የአክስቴ ጠጠሮች
ዛሬ ከአክስቴ ጋር ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሐኪሟ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ባለፈው ወር የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር አለበት ተብሎ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል። ጠጠሮቹን በብልቃጥ ይዛ ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ከረመች። የወጣው ከረጢት በላብራቶሪ የተመረመረበት (የፓቶሎጂ) ውጤት ግን ካንሰር ሆኖ መጣ። (ውጤቱን ቶሎ አለመጠየቄ እስካሁን ያንገበግበኛል።)

ካንሰሩ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ባያልፍ ኖሮ ያው ቀዶ ሕክምና ይበቃ ነበር፤ የእርሷ ግን የከረጢቱ ግድግዳ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከረጢቱ ተጣብቆበት የነበረውን የጉበት ክፍልና በአካባቢው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል።

«ጉበቴን ቆርጣችሁ ምን ሊተርፈኝ?» አለች። ሐኪሙ የቀረው ጉበት መልሶ እንደሚያድግ ሲነግሯት ትንሽ ዝም ብላ፣ «ታዲያ ጠጠሮቹን ልጣላቸው፣ ዶክተር?» አለቻቸው።

በታክሲ ስንመለስ ብልቃጡ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።