ሰላጣ ከሰል ላይ፦ ድሬ ውስጥ ማንም ያልነገረኝ የውሃው ነገር

ሰላጣ ከሰል ላይ ይጠበሳል። ድሬዳዋም ውስጥ፣ በተራ የከሰል ማንደጃ፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። እሳቱ አያስቸግርም፣ ማጣፈጫውም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እጥበቱ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ያየሁት የምግብ አሠራር ሁሉ ስለ እሳቱ በሰፊው ያወራና እጥበቱ ላይ ሲደርስ «በደንብ አጥበው ያጠንፍፉ» ብሎ ያልፋል። በአንድ መስመር! ያ መስመር ነው እንግዳ ፊት ያሳፈረኝ።

ግዢው ቀላል ነው። ቀፊራ ገበያ በጠዋት መሄድ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ የምገዛው ሰላጣ ከሀረማያ በኩል የሚመጣው ነው። ሀረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ነፋሻ አገር ነው። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ። በብርድ ያደገ ቅጠል የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የኛን ፀሐይ ሲያገኝ ብዙ አይቆይም። ረፋድ ላይ የምታገኙት ሻጮቹ ውሃ እየረጩ ያቆዩትን ነው። ረጅም ቅጠል ያለውን፣ ልቡ ጠበቅ ያለውን ምረጡ። እግሩ መቆረጥ የለበትም። ሻጯ ቢላዋ ስታነሳ «እናቴ፣ እግሩን ተዪልኝ» በሏት። ቅጠሎቹን አንድ ላይ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። እሱ ከሌለ የመጥበሻው ሽቦ ላይ ተበታትኖ ግማሹ ከሰል ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ውሃው።

ከዚህ በፊት አጭር የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ወስጄ ነበር። ከኪሴ ከፍዬ። አሰልጣኙ በእጅ የሚሰጥ ወረቀት ነበረው። ወረቀቱ ላይ «ሰላጣውን ሙሉውን በጨው ውሃ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ ያጠንፍፉ፣ ለሁለት ይሰንጥቁ፣ ጨውና ዘይት ቀብተው እሳት ላይ ያድርጉ» ይላል። ዓርብ ቀን የባለቤቴ እናት ለምሳ ሊመጡ ነው። ጾም ነው። አዲስ ነገር ላቀርብላቸው ፈለግሁና ወረቀቱን አንድ በአንድ ተከተልኩ።

ቧንቧውን ስከፍት ውሃው ትኩስ ነው። የኛ ውሃ የሚመጣው ጣራ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ሲያነደው ቆይቷል። ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ሻወር ለመውሰድ ውሃ ማሞቅ አያስፈልግም። እንግዲህ በዚያ ውሃ ላይ ጨው ጨምሬ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ጫፎቹ ልመው እጄ ላይ ተንጠለጠሉ። መሃሉ ግን ውሃ አቁሯል። ስሰነጥቀው ከየቅጠሉ መሃል ውሃው ፈሰሰ፤ ከነጭቃው። ሙሉውን ሲዘፈዘፍ ውሃው ወደ ልቡ ይገባል እንጂ አፈሩን ይዞ አይወጣም።

ከሰሉ ጥሩ ፍም ሆኖ ነበር። ሰላጣውን ሽቦው ላይ ሳስቀምጠው ጠበሳ የሚባል ነገር አልሰማሁም። ሺሺሺ ብሎ በእንፋሎት ተሸፈነ። ጠብታው ፍሙ ላይ ሲያርፍ አመዱ ብን ይላል። ብን ያለው አመድ ተመልሶ እርጥቡ ቅጠል ላይ ይለጠፋል። ገልብጬ ሳየው የሽቦው ምልክት እንኳ የለበትም። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ብርሃን እያሳለፈ፣ ተኝቷል። ማዕድ ላይ ሲቀርብ እማማ አንዴ አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ጎመን ነው?» አሉኝ። በክፋት አይደለም። ጨዋ ሰው ናቸው፣ የቀረበላቸውን በሉ። እኔ ግን ምሳው አልወረደልኝም።

ለአሰልጣኙ ደወልኩለት። «እሳትሽ ደክሞ ነው» አለኝ። እስካሁን ያበሳጨኛል። እሳቱን አላየው፣ ሮቶውን አላየው፣ ወረቀቱን ግን አላስተካክልም አለ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲማር፣ ትምህርቱ የሚሠራበትን አገር አየር ማወቅ የአስተማሪው ግዴታ ነው። ያ ወረቀት ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ላለው ሰው የተጻፈ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰላጣ ራሱ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ውሃ ካለ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ያንን ማፍላት ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ቅጠሉ ከመፍያው ሙቀት አያልፍም። ቡናማ የሚሆነውና ያ የጥብስ ሽታ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ነው። ስለዚህ እርጥብ ሰላጣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ የፈለገ ከሰል ብትከምሩበት። ጨውም ቀድሞ ሲነካው ከውስጡ ውሃ ይስባል። ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ነው ያጠፋኝ።

አሁን የምሠራው በተቃራኒው ነው። ማታ ውሃ በጀሪካን ቀድቼ መሬት ላይ አሳድራለሁ። ጠዋት ቀዝቅዞ ይገኛል። መጀመሪያ እሰነጥቃለሁ፣ ከዚያ ነው የማጥበው። እግሩን ይዤ ቅጠሎቹን በጣቴ እየከፈትኩ፣ ከላይ እያፈሰስኩ፣ አፈሩ እስኪለቅ። መዘፍዘፍ የለም። መጨረሻ ላይ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ይህቺን አትዝለሏት። «እሳት ስለሚነካው ማጠብ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። እሳቱ የሚነካው ላዩን ነው፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ነው የሚበላው።

ከዚያ ማድረቅ። ንጹህ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ደጅ ወጥቼ በደንብ እወዘውዘዋለሁ። ፎጣው ርሶ ይመጣል። ከዚያ የተሰነጠቀውን ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ አሰልፍና ቬንቲሌተር እከፍትበታለሁ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ያግዘናል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይጠወልጋል። መድረቁን የማረጋግጠው ጣቴን በሁለት ቅጠል መሃል ሰድጄ ነው። ከረጠበ ይመለሳል።

የቀረው ፈጣን ነው። ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ፣ ከላይ አመድ ለበስ ያለ ቀይ ፍም ሲሆን ሽቦውን አስቀምጡና አግሉት። ዘይቱን ሽቦው ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ነው የምትቀቡት፣ ስስ አድርጋችሁ፣ በተሰነጠቀው ፊት። ሽቦ ላይ የፈሰሰ ዘይት ፍሙን አንድዶ ጭሱን ያመርረዋል። ፊቱን ወደ ታች አድርጉና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ተዉት። አትነካኩት። ጫፎቹ ጠቆር፣ መሃሉ ቡናማ ሲል አንሱት። ሌላውን ጎን ማገላበጥ ግዴታ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላገላብጥም። አንዱ ጎን ትኩስና ጭስ ጭስ የሚል፣ ሌላው ቀዝቃዛና ቀጭ ቀጭ የሚል መሆኑ ነው ጣዕሙ። ሰላጣው ከመግባቱ በፊት ግን በዚያው ፍም ቲማቲምና ቃሪያ ጥበሱበት። እነሱ ጊዜ ይወስዳሉ፣ እሱ አይወስድም።

ማጣፈጫው ላይ የኔ ምርጫ ሰናፍጭ ነው። የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ የሰሊጥ ዘይት። ሱፐርማርኬት ያለውን ውድ ጠርሙስ አልገዛም። ሰናፍጩ የሚያቃጥለው አፍንጫ ላይ ስለሆነ ከጭሱ ጋር ይስማማል። በፍስክ ቀን አይብ እፈረፍርበታለሁ። ጨው የሚገባው አሁን ነው፣ ሳህን ላይ ከሆነ በኋላ።

እንግዳ ካላችሁ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ሰላጣውን እሳት ላይ አታድርጉት። እንጀራው፣ ወጡ፣ ሌላው ሁሉ ቀድሞ ይቅረብ። ሰላጣው ከሽቦው በቀጥታ ወደ ሳህን ነው የሚሄደው፣ ለማታም አይቀመጥም። ለአንድ ሰው ግማሽ ራስ ይበቃል፤ የተረፈውን ሳይሰነጠቅ፣ ሳይታጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡትና በማግሥቱ ጥበሱት።