ኮላውን ያስቀመጡት የደሴው ማሲንቆ ሠሪ

ኮምቦልቻ ለምሳ ስንወርድ ቫዮሊኔን መኪናው ውስጥ ትቼው ወረድኩ። ፀሐዩ ይፋጃል። ተመልሼ ቦርሳውን ስከፍት የፊቱ ገበታ ከጎኑ ተላቆ፣ አንዲት ጥፍር የምታስገባ ክፍተት አገኘሁ። ሆዴ ቡጭ አለ።

ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ዳገቱ ግን ሌላ አገር ያስገባል። ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስተን ወደ 2,500 ሜትር ወጣን። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ፒያሳ ወርጄ መጀመሪያ ያደረግኩት የእንጨት ኮላ መግዛት ነው። ባለሱቁ ለምን እንደፈለግኩት ሲሰማ ወደ አንድ ማሲንቆ ሠሪ ጠቆመኝ።

አባባ ቫዮሊኑን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ጫን ጫን አደረጉ። «እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ አብሽር ልጄ» አሉና ኮላዬን አንስተው መደርደሪያቸው ላይ አስቀመጡት። «ይሄ አይላቀቅም። ያኔ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚሠራ ሙጫ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሙጫው ቀድሞ ከለቀቀ ገበታው ይተርፋል፤ በሙቅ ውሃ ተጠርጎ እንደገና ይጣበቃል። ስመ ጥሩው የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪ፣ የክሬሞናው ስትራዲቫሪ፣ በ1737 እ.ኤ.አ. ሞተ። የሠራቸው ቫዮሊኖች ዛሬም የሚጫወቱት እየተከፈቱ ስለተጠገኑ ጭምር ነው፤ የብዙዎቹ አንገት እንኳ ተለውጧል።

አባባ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ውሃ ውስጥ አድሮ የለሰለሰ የፍየል ቆዳ በማሲንቆው ሳጥን ላይ እየወጠሩ ነበር። ጠርዙን በጥርሳቸው ጭምር ይስቡታል፤ ጠብታው ጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሲጨርሱ ወደ ውጭ ያወጡታል ብዬ ስጠብቅ ጥላ ውስጥ ሰቀሉት።

«ፀሐይ ቢመታውስ?» አልኳቸው።

«ቸኩሎ ይወጠርና ይተረተራል። ያንተንም ያገኘው ይኸው ነው።»

ግድግዳው ሥር የዋንዛ ጣውላዎች ተደግፈዋል። እያንኳኩ አሰሙኝ፤ እርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ አለው፣ የደረቀው ይጮኻል። በአውሮፓም ቫዮሊን ሠሪዎች እንጨታቸውን ለዓመታት ያደርቃሉ። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁት እዚህ ነው፤ ደስ ሲል!

ከዚያ የቫዮሊኔን ክሮች ትንሽ ላላ አድርገው ሊፈቱ ሲሉ ለመንኳቸው፦ «ጨርሰው እንዳይለቁት አባባ።» ውስጡ ያለ ሙጫ፣ ተቀርቅሮ ብቻ የሚቆም ትንሽ ምሰሶ አለ፤ ክሮቹ ከተፈቱ ይወድቃል። በገበታው ቀዳዳ አጮልቀው አዩትና «እሱማ ነፍሱ ነዋ!» አሉ። ወገቡን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰሩልኝ። የሚገባውን ሙጫ የያዘ ሰው አዲስ አበባ እንድፈልግ አደራ አሉኝ።

ስመለስ ኮምቦልቻ ላይ ሁሉም ለምሳ ወረደ። እኔ ጋቢ አልብሼው፣ ታቅፌው ወረድኩ።