ጥይት የማይነካው ሰው እና ስንቅ ተሸካሚዋ

«አባ መብረቅ በአምባሰል ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ቆመ። አርባ ሽፍቶች ተኮሱበት፤ አንድም ጥይት አልነካውም። ውጅግራውን አነሣ። አርባዎቹም ወደቁ።»

በየካቲት 2013 ዓ.ም. አንድ ምሽት በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ የተጻፈው ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አንድ ቃል አልጻፈም። ዝም ያልነው አርባ ሰው በአንድ አንቀጽ ስላለቀ ብቻ አልነበረም። ለዚያ ውጊያ ሌሎቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጽፉ ቆይተዋል። የባቲ ነጋዴ ሆና የምትጫወተው ልጅ ሽፍቶቹ የት እንደሸመቁ ለማወቅ በሰኞ ገበያ መካከል ስንቱን አነጋግራለች። በቅሎ ነጂው የመሸሻ መንገድ ሲፈልግ ሰንብቷል። ደብተራው ጠልሰሙን ጀምሮ ገና አልጨረሰም። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ አንድ ሰው መጥቶ በአራት ዐረፍተ ነገር ነገሩን ዘጋው።

ቡድኑን የመሠረትሁት እኔ ነኝ። ደሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ከጓደኞቼና ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ጀመርነው፤ እያደር አሥራ አራት ሆንን። ሮልፕሌይ የሚባለው ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ ያ ገጸ ባሕርይ የሚናገረውንና የሚያደርገውን ይጽፋል፣ ሌላው ይመልስለታል። አዲስ ነገር አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወትበት ዓለም በኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ ነበር። የእኛው በአማርኛ መሆኑና መቼቱ ወሎ መሆኑ ነው የሚለየው።

ዘመኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ 1888 ዓ.ም.። የክተት አዋጁ ሠራዊቱን እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኝ ያዘዘ ነበር። ዐድዋ ላይ የተዋጉት ደግሞ የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከሉ ከአራት ወር በላይ አለ። በመማሪያ መጻሕፍት ያ አራት ወር በአንድ መስመር ያልፋል፤ እኔ ግን ልቤ የነበረው እዚያ መስመር ውስጥ ነው። ሰዉ ምን እየበላ ሄደ? በቅሎ ሲሞትበት ምን አደረገ? በአምባሰል ሲያልፍ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ውሉ የተፈረመበትን ውጫሌን አሻግሮ ሲያይ ምን አሰበ? ስለዚህ ጦርነቱን ሳይሆን መንገዱን እንድንጫወት ተስማማን። ንጉሠ ነገሥቱንም ሆነ ራስ ሚካኤልን ማንም እንዳይጫወት፣ እነርሱ በሩቅ እንዲታዩ ብቻ ወሰንን። ትንሽ ተአምርም ፈቀድን፤ ጠልሰም የሚሠራ ደብተራ፣ የጅብ ቋንቋ የሚሰማ አዳኝ። ግን የታወቀን ሼህ ወይም ቅዱስ ስም አንሥቶ ለገጸ ባሕርዩ ኃይል ማድረግ ከልክለናል። በአንድ ቤት መስጊድ ሳሚና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አብረው በሚኖሩበት ወሎ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ ዛሬም ከዚህ ውሳኔ ንቅንቅ አልልም።

ከአባ መብረቅ ምሽት በኋላ መጀመሪያ የሞከርሁት ቁጥር ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረጉት የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከታተመው ከታወቀው ጨዋታ ጀምሮ፣ የገጸ ባሕርይን ጉልበትና ቁስል በነጥብና በዳይስ፣ ተጥሎ ቁጥር በሚያወጣ መጫወቻ፣ ይለካሉ። እኛም ለእያንዳንዱ መቶ ነጥብ ሰጠን፤ ለጉልበት፣ ለብልሃት፣ ለፍጥነት፣ ለተአምር ያከፋፍለው አልን። ቴሌግራም የራሱ ዳይስ ስላለው፣ የሚወጣውንም ቁጥር ላኪው መምረጥ ስለማይችል፣ ጠብ ቢነሣ በእርሱ ይፈታል ብዬ ነበር። የአባ መብረቅ ተጫዋች ዘጠና ነጥቡን ተአምር ላይ ጣለ። ሌሎቹም ማስላት ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ የሒሳብ መዝገብ መሰለ፤ ስለ ጉም፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ጦሳ ብርድ የሚጽፍ ጠፋ። ነጥቡን ሠረዝሁት። ዳይሱን አስቀረሁት፤ ሁለት ሰዎች ጨርሶ መስማማት ሲያቅታቸው ብቻ እንጠቀምበታለን።

ሁለተኛው ሙከራዬ የባሰ ነበር፤ ስጀምረው ግን እጅግ ወድጄው ነበር። እውነታውን አጥብቄ ያዝሁ። የተጫነ አጋሰስ በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም አልሁ። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ ተኩሶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ማጉረስ የግድ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያም ስለነበረ እያንዳንዱ ተኩስ ገንዘብ ነው፤ አርባ ጥይት የሚተኩስ ሰው አርባ ጥይት ከየት እንዳገኘ ይጻፍ አልሁ። ለጥቂት ጊዜ ጽሑፉ ውብ ሆነ። አንዱ ተጫዋች ስለ አንድ የተቀደደ ስልቻ የጻፈውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ጨው በየመንገዱ ሲንጠባጠብ ከኋላ የሚመጡት ሰዎች እየላሱ ሲከተሉት።

ትርንጎን የምትጫወተው ልጅ ግን ተወችን። ትርንጎ ስንቅ ተሸካሚ ነበረች፤ በጀርባዋ እንስራ፣ በእጇ ወፍጮ ድንጋይ የማይለያት። ልጅቷ ስትወጣ የጻፈችልኝ መልእክት ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ያንተ እውነታ እኔ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አባ መብረቅን ጥይት አይነካውም፤ የትርንጎ እግር ግን በየቀኑ ይላጣል።»

ወደ ኋላ ሄጄ የቆየውን ጽሑፍ ሁሉ አነበብሁ። እውነቷን ነበር። ትርንጎ ሮጠች ብላ ስትጽፍ «እንስራ ተሸክማ አይቻልም» ብዬ መልሻለሁ። ትርንጎ ምሽቱን ከአዝማሪው ጋር አመሸች ስትል «ሊጥ ማን ያቦካል?» ብያለሁ። አባ መብረቅ አርባ ሰው ሲጥል ግን፣ ከእርሱ ጋር መከራከር ስለሚያደክም፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ተጠንቀቅ» ብዬ አልፌዋለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ለሚመራ ሰው ሁሉ የምለው ይህንን ነው፦ የእውነታ ሕግ ሲጠብቅ የሚያንቀው ቀድሞውንም ሕግ የሚያከብረውን ተጫዋች ነው። ኃይለኛው ሁልጊዜ ማምለጫ ይጽፋል።

ልጠግነው እያሰብሁ ሳለ 2014 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ደረሰ፤ ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ፤ ቡድኑም ዝም አለ። እኔ እናቴን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፤ ከመንገዱ ከፊሉን በእግራችን ነው የሄድነው። በጽሑፍ ስንት ሰው አስጉዤ፣ ስንት ሰው ርቦት እንደሆነ ወስኜ የኖርሁ ሰው፣ አንዲት አሮጊት በቀን ስንት እርምጃ መሄድ እንደምትችል አላውቅም ነበር። እናቴ ከቤት ይዛ የወጣችው ጀበናዋን ነው። የቤቱን ካርታ ትታ ጀበና ያዘች ብዬ በልቤ ተቆጥቼ ነበር።

በተጠለልንበት ግቢ ውስጥ ግን በዚያ ጀበና ዙሪያ የማይሰበሰብ ሰው አልነበረም። ወሎዬ ቡና ላይ ነው የሚነጋገረው። እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በአቦሉ አንዱ የደረሰበትን ይጀምራል። ሌላው ቶናው እስኪቀዳ አፉን አይከፍትም፤ ሲከፍትም ስለራሱ ብቻ ነው የሚናገረው፤ «አንተ እንዲህ ሆነሃል» የሚል የለም። በበረካው ደግሞ ስለ ነገ ይነሣል፤ ማን ምን ጎደለው፣ ለማን ምን ይደረግ። ማንም ሕግ ብሎ አላወጣውም።

በየካቲት ወደ ደሴ ስንመለስ ከአሥራ አራቱ አሥሩ ተገናኘን። ልጫወት ያለ ሁሉ ከበፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። አንዷ ተኩስ የሚባል ነገር አልጽፍም አለች፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ ውጭ የምጽፈው የለኝም አለ። ለሁለቱም ቦታ ያስፈልግ ነበር። የጨዋታችንን ሕግ ከቡናው ወሰድሁት።

አንድ ሰው ሊጎዳበት በሚችል ትዕይንት ሁሉ በሦስት ዙር እንጽፋለን። በአቦል አጥቂው ሙከራውን ብቻ ይጽፋል። «ተኮሰ» ይላል፤ «ገደለ» አይልም። በቶና የተጠቃው ሰው ተጫዋች በገጸ ባሕርዩ ላይ የደረሰውን ራሱ ይወስናል፤ የሰው አካል የባለቤቱ ነውና ቁስሉንም፣ መውደቁንም፣ ሞቱንም የሚጽፈው እርሱ ነው። ባለቤት የሌላቸው ሰዎች፣ እንደነዚያ እንደ አርባዎቹ ሽፍቶች ያሉት፣ ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት ለሌላ ተጫዋች ይሰጣሉ። የተሰጡት ተጫዋችም ወዲያው ስምና እናት አበጀላቸው። በበረካ ሁለቱም ያስከፈላቸውን ይጽፋሉ። ያለ ዋጋ የተሠራ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ዋጋው ጥይት ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል፣ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ለተራ ጨዋታ ይህ ሁሉ ከባድ ስለሚሆን አንጠቀምበትም፤ ቶናውን ለሳምንት የሚያዘገዩ ስለነበሩም የሁለት ቀን ገደብ አበጀን።

ሌላው የምስክር ሕግ ነው። የጥንቱ ዘማች ግዳዩን ጥሎ፣ ያዩት ሰዎች ፊት ቆሞ ነው የሚፎክረው፤ ያላየውን ሰው ዝም ብሎ ስማኝ አይለውም። እኛም ጀብዱ ሁሉ ሌላ ገጸ ባሕርይ «አይቻለሁ» ብሎ በራሱ አንደበት ካልጻፈው በቡድኑ መዝገብ አይገባም አልን። ይህ ካሰብሁት በላይ ሠራ። ኃይለኞቹ ገጸ ባሕርያት በድንገት ሰው አስፈለጋቸው። ከፊት ብቻውን የሚጋልብ ምስክር አያገኝም፤ ምስክሩን ማብላት፣ መጠበቅ፣ ስሙን ማወቅ ግድ ሆነበት። ትርንጎን የምትጫወተው ልጅ ይህንን ስነግራት ተመለሰች። ሁሉም በእርሷ በኩል ስለሚያልፍ፣ ቆሎ ለመጠየቅም ሆነ እንስራ ለመለመን፣ ትርንጎ የማታየው ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ የአንድ ጌታን ፉከራ አልመሰክርም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠራዊቱ ውስጥ ከእርሷ የበለጠ የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ አንዲት ነጥብም ተአምር አልነበራትም።

ከአባ መብረቅ ተጫዋች ጋር የተገናኘነው ኮምቦልቻ ነው። ላባርረው ወይስ ላቆየው ሳልወስን ሄድሁ። ለምን ጥይት የማይነካው ሰው እንደፈጠረ ጠየቅሁት። ለማሸነፍ ነው እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ልጁ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ወደ ቡድኑ የገባሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ገጸ ባሕርዬ በሦስተኛው ቀን ቆሰለ። እናንተ ድንኳን ውስጥ አስተኝታችሁት ሄዳችሁ። ለሃያ ቀን የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። የምታወሩትን ብቻ አነብ ነበር። ከዚያ በኋላ የማይቆስል ሰው አበጀሁ።»

እንኳን መልስ፣ ቀና ብዬ ማየትም ከበደኝ። ያንን ቁስለኛ ድንኳን ውስጥ ያስተኛሁት እኔ ነበርሁ፤ የቆሰለ ሰው በሦስት ቀን አይነሣም ብዬ፣ ለእውነታ ብዬ። አሁን የቆሰለ ገጸ ባሕርይ ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው ተጫዋቹ ምን ሊጽፍ እንደሚችል ነው፤ ቃሬዛ ላይ ሆኖ የሚሰማው ወሬ፣ የሚያስታምመው ሰው፣ በትኩሳት የሚያየው ሕልም። ቁስሉ እውነተኛ ይሁን፤ ተጫዋቹ ግን ከጨዋታው አይውጣ።

ልጁን ጥይት አይነካኝም የሚለውን እንዲተው አልጠየቅሁትም። ስለ በረካው ዋጋ ብቻ አስረዳሁት። ቡናውን ጨርሶ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እኔን ካልነካኝ ታዲያ ጥይቱ የት ነው የሚሄደው?» አለ። እርሱ ራሱ ነው ያመጣው። አባ መብረቅን የሳተ ጥይት ሁሉ በአጠገቡ ያለውን ሰው ይመታል።

ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ሐሸንጌ ሲቃረብ የጻፈውን እዚህ አኖራለሁ። «አባ መብረቅ በቅሎውን ለቁስለኛ ሰጠ። ከሰልፉ መቶ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ምን ሆንህ ሲሉት፣ አቧራው አስቸገረኝ አለ። ሌሊትም ከእሳቱ ርቆ ተኛ።»

የባቲዋ ነጋዴ ምንም አልጻፈችም፣ ደብተራውም አልጻፈም። ቶናውን የወሰደችው ትርንጎ ናት። «ትርንጎ አየች። ለማንም አልተናገረችም። ሲነጋ የእርሱን ድርሻ ቆሎ በቅጠል ጠቅልላ፣ እርሱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሄደች።»