ፎቶ ስለቅ ለምን ኤስአርጂቢ ላይ እንደረጋሁ

ሥራዬ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ማንሳት ነው። ደንበኞቼ ፎቶውን የሚያዩት በስልክ ነው፤ ያውም አንዱ በአዲስ አይፎን፣ ሌላው መስታወቱ በተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ። ቀለሙ ሁሉም ጋ ተቀራራቢ ሆኖ እንዲታይ የትኛው ከለር ስፔስ (የፎቶው ቁጥሮች የትኛውን ቀለም እንደሚወክሉ የሚወስነው ሥርዓት) ይሻላል? ወሬ ከምሰማ ራሴ ልሞክረው አልኩ።

ለሙከራው መስቀል አደባባይ ደመራ ላይ ያነሳኋትን አንዲት ልጅ መረጥኩ። ምክንያቱ ነጠላዋ ነው። ጥለቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ ቀለም ቢዛነፍ ወዲያው ያስታውቃል። ከአንዱ የሮው ፋይል (ካሜራው ያስቀመጠው ያልተቀነባበረ ዳታ) በሦስት ከለር ስፔስ፣ በኤስአርጂቢ፣ በአዶቤ አርጂቢና በዲስፕሌይ ፒ3 ኤክስፖርት አደረግኩ።

ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ፎቶው በየትኛው ከለር ስፔስ እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ፣ ፋይሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ሦስቱም ደህና ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ፕሮፋይሉ ሲጠፋ ነው። አንዳንድ መተግበሪያ ፎቶ ሲጨምቅ አብሮ ይጥለዋል፤ ፕሮፋይል የሌለውን ፎቶ ደግሞ ብራውዘር እንደ ኤስአርጂቢ ነው የሚቆጥረው። ፕሮፋይሉን ሆን ብዬ አውጥቼ ሳየው የአዶቤ አርጂቢው ጥለት ገረጣ፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ አጋደለ።

ቁጥሩን ስታዩት ግልጽ ነው። የኤስአርጂቢ ንጹሕ አረንጓዴ (በቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቅደም ተከተል) 0፣ 255፣ 0 ነው። ያው ቀለም አዶቤ አርጂቢ ውስጥ ሲጻፍ 144፣ 255፣ 60 ይሆናል። ስልኩ ፕሮፋይሉን ካላወቀ 144ቱን ቀይ እንዳለ ይወስደዋል፣ አረንጓዴውም ይቦዝዛል። ንጹሑ ቀይም ከ255 ወደ 219 ስለሚወርድ ይደበዝዛል። የኤስአርጂቢው ፎቶ ግን ፕሮፋይል ኖረም አልኖረም ያው ነው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ።

ኤስአርጂቢ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለተራ ስክሪን ያወጡት ነው። የሚይዘው የቀለም ክልል ጠባብ ነው ይሉታል፣ እውነት ነው። ፒ3 ሰፊ ነው፤ ከአይፎን 7 ወዲህ ያሉት አይፎኖች ያሳዩታል። የእኔም ስክሪን ላይ ቀዩ ክር ትንሽ ጎላ ብሎ ነበር። ግን ጎን ለጎን ካላስቀመጥኩ አልለየውም፤ ደንበኛዬማ ጭራሽ። ለዚያች ልዩነት ሲባል ራስ ምታት መግዛት አይዋጥልኝም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። በሮው አነሳለሁ፤ የካሜራው የከለር ስፔስ ምርጫ ጄፔጉን እንጂ የሮውን ዳታ አይነካም። ኤዲት ከጨረስኩ በኋላ ወደ ኤስአርጂቢ ኮንቨርት አደርጋለሁ፣ ፕሮፋይሉንም አብሬ አስቀምጣለሁ። ኮንቨርት (convert) ነው ያልኩት፣ አሳይን (assign) አይደለም! ኮንቨርት ቀለሙን ጠብቆ ቁጥሩን ይቀይራል፤ አሳይን ግን ቁጥሩን ትቶ ቀለሙን ያዛባል።

የሥራ ባልደረባ ጄፔግ ሲልክልኝ መጀመሪያ የፋይሉን ስም አያለሁ። በኒኮንና በካኖን በአዶቤ አርጂቢ የተነሳ ፎቶ ስሙ በታች ሰረዝ (_) ይጀምራል። ሰረዙን ካየሁ ሳልለቀው በፊት ኮንቨርት አደርገዋለሁ። ፎቶውን በቴሌግራም የምልከው ደግሞ በፋይል መልክ ነው፣ እንዳይጨመቅ። አልበም የሚታተም ከሆነ ግን የትኛውን ፕሮፋይል እንደሚቀበሉ ማተሚያ ቤቱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ያው ኤስአርጂቢ ነው የሚሉኝ።